ንጉሥ፣ ሸንጎና የዳሞት ገበሬ

ንጉሥና ሸንጎ ስለ ሥልጣንና ስለ ሃይማኖት የተጣሉበት ታሪክ ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚታሰበው የእንግሊዝ አገር ነው። ቀዳማዊ ቻርልስ 11 ዓመት ያለ ፓርላማ ገዛ፤ በስኮትላንድ ሕዝብ ላይ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በግድ ቢጭን ጦር ተነሣበት። ለጦሩ ገንዘብ ሽቶ ፓርላማውን ቢጠራ ክርክሩ ወደ ውጊያ አደረሰ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1649 አንገቱ ተቈረጠ።

በዚያው ዘመን በአገራችን አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት አዘንብለው የቀዳሚት ሰንበትን አከባበር ከለከሉ። ሕዝቡ የሚከራከርበት ሸንጎ አልነበረውምና፣ ዛሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባሉበት በዳሞት አገር ገበሬውና መነኵሴው በጦር መለሱላቸው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ፓርላማ ነበረ፤ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የሕግ መምሪያው አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ተደነገገ። በ1960 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች የመከሩበት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካና ሊወሰድ ነው» ብሎ ሠጋ፤ ርስት ማጣት ለእርሱ የአያቶቹን መቃብርና ደብሩን ማጣት ነበር። ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት አመፀ፤ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ተላከበት። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዥውን አነሡ፤ ውዝፉንም ግብር ማሩ።

እንግዲህ የሸንጎ መኖር ብቻውን አይበቃም። የገበሬው አቤቱታ በሸንጎ ካልተሰማ በዱር ይሰማል።