የሸክላ ሠሪ ስም

ሰው ስሙን የሚያትመው በሚከበርበት ሥራ ላይ ነው፤ የሚሰደብበትን ሥራ ግን ሠርቶ ይሸጣል እንጂ ስሙን አይጽፍበትም። ይህንንም ለመረዳት የእንግሊዝን ሸክላና የአገው ምድርን ሸክላ አስተያይቶ መመልከት ይበቃል።

ጆሳያ ዌጅውድ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1730 ከሸክላ ሠሪዎች ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ፈንጣጣ ጕልበቱን ስለ ጐዳው በእግር የሚዞረውን የሸክላ መንኰራኵር መግፋት አልተመቸውም፤ ስለዚህ ዐሳቡን ጭቃውንና ቀለሙን ወደ መመርመር መለሰ። በ1759 የራሱን ሥራ ቤት አቆመ፤ በ1769ም ኢትሩሪያ ብሎ የሰየመውን ፋብሪካ ከፈተ። ከሥራውም ሁሉ ይልቅ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ምስል የወጣበት ዕቃ ታወቀለት፤ ከምስሎቹ አንዳንዶቹን የነደፈለት ጆን ፍላክስማን ነበረ። በ1787 ደግሞ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ ወንድምነቱን ሲጠይቅ የሚያሳይ ትንሽ ምስል አሠርቶ፥ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ይደክሙ ለነበሩት ሰዎች አደለ። የዚህን ሰው ታሪክ የሚመረምር ሳሕኑን ገልብጦ ቢያይ የታተመውን ስም ያገኛል።

እንግሊዝና አገው ምድርም ፈጽመው የማይተዋወቁ አይደሉም። ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ጽፏል፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራል። በዳንግላና በእንጅባራ ገበያ የሚሸጠው ማሰሮ፥ ጀበናና ምጣድ ግን ቢገለበጥ ስም የለበትም። ታሪኩን የሚናገረው አሠራሩ ብቻ ነው። ሠሪዋ ጭቃውን አሽታ፥ ያለ መንኰራኵር በእጅዋ እያድቦለቦለች አንዱን ጥቅል በሌላው ላይ ታነባብራለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ታሻሸዋለች፤ ከደረቀም በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ታቃጥለዋለች። ይህም ትምህርት ከእናት ወደ ልጅ በእጅ እንጂ በብራና አልተላለፈም።

ስሙ የጠፋበት ምክንያት የጥበብ ማነስ አይደለም፤ ስድብ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውም ብረት ቀጥቃጩም ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ከሰው ተለይተው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው ሠራተኛን በሥራው መሳደብን ከለከሉ፤ ከተሰዳቢዎቹም መካከል ጸሐፊውን ጭምር ቈጠሩ። በግዕዝ ለብሓዊ የሚባለው ሸክላ ሠሪ በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ የፈጣሪ ምሳሌ ሆኖ ሳለ፥ መጽሐፉን የሚያነብ ሕዝብ ሠሪውን መናቁ የሚያስደንቅ ነው።

ዛሬ በእንስራ ፈንታ ጀሪካን ገብቷል፤ ብረት ድስትም የሸክላውን ድስት እየተካው ነው። ዕቃው ከቀረ፥ ስም ያልተጻፈበት ታሪክም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የተማረ ሰው ወደ ገበያ በወረደ ጊዜ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሠሪዋን ስም፥ የእናትዋን ስም፥ ጭቃው የተቈፈረበትንም ስፍራ ጠይቆ ሊጽፍ ይገባዋል።