የመንግሥት የምግብ ግዥና የሰብል ብዝኃነት በሐረር

የመንግሥት የምግብ ግዥ ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የጦር ካምፖችና የሴፍቲኔት ፕሮግራሞች በሕዝብ ገንዘብ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ዘይት የሚገዙበት አሠራር ነው። ከተራው ገበያ የሚለየው ገዥው ትልቅ፣ ፍላጎቱም ከዓመት ዓመት የማይቋረጥ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ የሚጻፈው የእህል ዓይነት ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራውን ሊለውጥ ይችላል። ሐረርና ዙሪያዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ብዙ ዓይነት ሰብል አሰባጥሮ የሚያመርተው የገበሬ ማሳና በርካታ ሰው የሚመግቡት የመንግሥት ተቋማት እዚህ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የአካባቢው ማሳ

የሐረሪ ክልል በግንብ የታጠረውን ጥንታዊ ከተማ ጁገልን፣ ከግንቡ ውጭ ያደገውን አዲሱን ከተማና በዙሪያው ያሉትን የገጠር ወረዳዎች፣ ማለትም ኤረርን፣ ሶፊንና ድሬ ጥያራን ያጠቃልላል። ከክልሉ ባሻገር የኦሮሚያው ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ይገኛል። የጁገል ጥንታዊ በሮች አምስት ሲሆኑ በአማርኛ ኤረር በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ፈላና በር ይባላሉ። የከተማው ገበያዎች ለዘመናት የቆዩት በእነዚህ በሮች ከገጠር በሚገባው ምርት ነው።

የቤተሰብ ማሳው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር ያንሳል። በዚያችው መሬት ላይ ግን ማሽላና በቆሎ ከቦሎቄ ጋር ተሰባጥረው ይዘራሉ፤ በመካከላቸው የጫት መስመር ይቆማል፤ ቡና፣ ስኳር ድንች ወይም ማንጎም አይጠፋም። ወደ ኤረር ሸለቆና ወደ ባቢሌ ሲወረድ ኦቾሎኒ ዋና ሰብል ይሆናል።

የሐረርጌ ማሽላም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ሙይራ፣ ፈንዲሻና ወገሬ የሚባሉት የአገሬው ዝርያዎች በቁመት፣ በቀለም፣ በጣዕምና በመድረሻ ጊዜ ይለያያሉ። ዘግይተው የሚደርሱት በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያ አካባቢ ተዘርተው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባሉ። በልጉ ሲቀር ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ወይም ሌላ ሰብል ይዘራል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ዘሩ በእጁ ወይም በጎረቤቱ ቤት ካለ ብቻ ነው። ታኒን የበዛበት ቀይ ማሽላ ስለሚመር ወፍ እምብዛም አይደፍረውም፤ ነጩ ደግሞ ለእንጀራ ይመረጣል። ረጅሙ አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። እህል ገዥው የሚያየው ፍሬውን ብቻ ሲሆን ገበሬው ግን ዝርያ የሚመርጠው ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ነው።

የጫት ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፤ ወዲያውኑም ገንዘብ ይሆናል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአወዳይ ገበያም ቅርብ ነው። የትኛውም የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለማሽላ በሚከፍለው ዋጋ ጫትን ሊፎካከር አይችልም። በመሆኑም የሕዝብ ግዥ ጫትን ከማሳው ያስወጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሊያደርግ የሚችለው በጫቱ መስመሮች መካከል ያለው ማሽላ፣ ቦሎቄና ኦቾሎኒ እዚያው እንዲቆይ የገንዘብ ምክንያት መስጠት ነው።

ገዥዎቹ

በሐረርና በአቅራቢያዋ በመንግሥት በጀት ምግብ ከሚገዙት መካከል ትልቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ የሚገኘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በካፍቴሪያዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ይመገባሉ። በከተማው ውስጥ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ጁገል ሆስፒታልና ማረሚያ ቤቱ አሉ። የክልሉ መንግሥት የሚያካሂደው የተማሪዎች ምገባም በዚህ ይደመራል። በምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለተረጂ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። ከውጭ የሚመጣ ስንዴ በእርዳታ መልክ ሲታደል የኖረበት አካባቢ እንደመሆኑ፣ ለተረጂው የሚሰጠው እህል ከአካባቢው ማሳ የተገዛ መሆን አለመሆኑ ለጎረቤቱ ገበሬ ትልቅ ልዩነት አለው።

ጨረታውና አዝመራው

ብዙውን ጊዜ ትንሹን ገበሬ ከመንግሥት ገበያ የሚያስቀረው የዋጋ ማነስ ሳይሆን የአሠራሩ ቅርጽ ነው። ተጫራች ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ይጠየቃል፤ ካሸነፈም የውል ማስከበሪያ ያስይዛል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ውል በመቶ የሚቆጠር ኩንታል ሲፈልግ አንድ ቤተሰብ ለገበያ የሚተርፈው ጥቂት ኩንታል ነው። ክፍያው ከርክክብ በኋላ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ነጋዴው ግን ገበያው ላይ ወዲያውኑ ይከፍላል።

ከዚህ የባሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። ተቋማት ለዓመቱ ቀለብ ጨረታ የሚያወጡት በእነዚህ ወራት አካባቢ ሲሆን፣ በሐረርጌ ክረምቱ የገበሬው ቤት እህል የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ገበሬው ማሽላውን ሰብስቦ ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ የሚሸጠው በታኅሣሥና በጥር ነው። በሐምሌ እህል ያለው በመጋዘን ያከማቸው ነጋዴ ነው፤ የነጋዴው እህል ደግሞ ከየማሳው ተደባልቆ፣ ወይም ከሩቅ አገር በጭነት መኪና መጥቶ ዝርያውም ምንጩም ጠፍቷል። የዚህ መፍትሔ የሚዘራበት ወቅት ሳያልፍ መጠኑንና ዝቅተኛውን ዋጋ የሚወስን የቅድሚያ ውል መግባት፣ አዝመራው እንደገባ መረከብና በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ማቆየት ነው።

የመግለጫው ቃል ራሱም ክብደት አለው። ሰነዱ ‹‹ነጭ ማሽላ፣ ወጥ ቀለም›› ሲል ቀዩን ያወጣል፤ ‹‹ስንዴ ወይም በቆሎ›› ሲል ማሽላን በሙሉ ይዘጋል። የትምህርት ቤቱ የምግብ ዝርዝር በሳምንት አንድ ቀን የማሽላ እንጀራ፣ ሌላ ቀን የቦሎቄ ወጥ፣ በሌላው የተቆላ ኦቾሎኒ ቢያስገባ፣ ጨረታው በየሰብሉ ተከፋፍሎ ለአነስተኛ አቅራቢዎች እንዲወጣ በር ይከፈታል። የፌዴራል ግዥ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የነበረው በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ ሰውነት ስላላቸው፣ በብዙ ገበሬዎች ስም ሆነው አንድ ውል መፈረም ይችላሉ።

ከኮታ እስከ ምገባ

በኢትዮጵያ መንግሥት ከገበሬ እህል መግዛቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሪኩ ግን ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በደርግ ዘመን እህል በቁርጥ ዋጋ በኮታ ይሰበስብ ነበር። ጫናው የበረታው ትርፍ አምራች በሚባሉት እንደ ጎጃም፣ አርሲና ሸዋ ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ የተጠየቀው እህል የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከማስረከብ ደርሶ ነበር። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀረ። የመንግሥት ግዥ ሲባል በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች ጥርጣሬ ቢያድርባቸው ምክንያት አላቸው።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው የዘር ባንክ የአገሬውን ዝርያዎች ሰብስቧል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ከወሎ የተሰበሰበው ‹‹ወተት በጉንጬ›› የተባለ ማሽላ በላይሲን ይዘቱ በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ ታውቋል። ስሙን ያወጣው ገበሬው ነው፤ ሳይንሱ በኋላ ደረሰ።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ምግቡ ለዓመታት በአብዛኛው ከእርዳታ የተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቀድሞው የደቡብ ክልል ከአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት በቆሎና ቦሎቄ እየተገዛ ለተማሪዎች መቅረብ ጀመረ፤ በዚሁ ክልል ብራዚል፣ ፋኦና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጋራ ያካሄዱት ፓ አፍሪካ የተሰኘ ፕሮግራምም ነበር። ልምዱ ጠቃሚ ቢሆንም ለብዝኃነት ያለው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው፦ ገበሬው ገበያ አገኘ፤ ግዥው ግን በሁለት ሰብሎች ላይ አተኮረ። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር በመስከረም 2012 ዓ.ም. የጀመረው የተማሪዎች ምገባ የክልል ከተሞች በራሳቸው በጀት እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል።

በሐረርጌ ለዚህ የቀረበው ልምድ ምግብ ሳይሆን ዘር በመግዛት የተገኘ ነው። ከድርቅ በኋላ የሐረርጌ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤትን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለተጎዱ ገበሬዎች የዘር ኩፖን ሰጥተው፣ ዘሩን ከአካባቢው ሻጮች በባዛር ራሳቸው መርጠው እንዲገዙ አድርገዋል። ገዥው መምረጥ ስለቻለ አንድ ዓይነት ዘር ከውጭ ከማምጣት ይልቅ የአገሬው ዝርያዎች ተሸጡ።

የሌሎች አገሮች አሠራር

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል የትምህርት ቤት ምግብ በጀት ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛ አስገደደች። ገዥው በተለመደው ጨረታ ፋንታ ለገበሬዎች ክፍት ጥሪ ያወጣል፤ የምግብ ዝርዝሩን የሥነ ምግብ ባለሙያ የአካባቢውን አዝመራ ተከትሎ ያዘጋጃል። ለሐረር ግን የህንዷ ኦዲሻ ግዛት ልምድ ይበልጥ ይቀርባል። መንግሥቱ ዳጉሳን ከአነስተኛ ገበሬዎች በተወሰነ ዋጋ ገዝቶ በራሽን ሱቆች ያከፋፍላል፤ ለሕፃናት ማዕከላትም ጣፋጭ ተሠርቶበት ይቀርባል። ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ህንድ የገባ ሰብል ነው።

የጥራት ጥያቄ

ከአካባቢ ለመግዛት ትልቁ እውነተኛ እንቅፋት አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ በዚህ መርዝ ሊበከል እንደሚችል በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ በሐረርጌ የተለመደው የማሽላ ጉድጓድም ነቀዝን ቢከላከልም እርጥበት ከገባበት እህሉን ያሻግታል። ለሕፃናት የሚገዛ እህል ሳይመረመር መቀበል አይቻልም፤ ምርመራውን ግን እያንዳንዱ ገበሬ በራሱ ወጪ ያስደርግ ማለት በሩን መልሶ መዝጋት ነው። በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የእርጥበት መለኪያ ማስቀመጥ፣ ኦቾሎኒውን በሸራ ላይ በደንብ አድርቆ የተሸበሸበውንና የተጎዳውን ፍሬ መልቀም፣ የናሙናውን ምርመራ ደግሞ ገዥው ተቋም በራሱ በጀት ማስደረግ የተሻለ መንገድ ነው።