ደብረ ታቦር፦ በዓሉና በስሙ የተጠራችው ከተማ

ደብረ ታቦር ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከምታከብራቸው ዘጠኝ ዐበይት የጌታችን በዓላት አንዱ ነው። ከእነዚህ መካከል ልደት፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ትንሣኤ በመንግሥትም ዘንድ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ደብረ ታቦር በዚያ ዝርዝር ባይገኝም በቤተ ክርስቲያን ያለው ክብር ከእነርሱ ጋር የተካከለ ነው።

በዚህ ዕለት ጌታችን በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ብርሃነ መለኮቱን መግለጡን እናስባለን (ማቴ. 17፥1-8)። ሙሴ ከሙታን፣ ኤልያስ ከሕያዋን መምጣታቸው የሙታንና የሕያዋን አምላክ እርሱ መሆኑን እንደሚያስረዳ ሊቃውንት ያስተምራሉ።

በደቡብ ጎንደር የምትገኘው የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቅዱስ ተራራ ነው። በከተማዋ ባለው በደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዓሉ በማኅሌትና በቅዳሴ ይከበራል። በየመንደሩ የሚበራው ችቦ የብርሃነ መለኮቱ፣ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ መታሰቢያ ነው። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ በመሆኑ እናቶች ለልጆች የሚሰጡት ሙልሙልም የጾም ዳቦ ነው።

የአብነት ተማሪዎች ደግሞ በዓሉን የራሳቸው አድርገው፣ «ስለ ደብረ ታቦር» ብለው ለምነው ባገኙት እህል ዝክር ያዘጋጁበታል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ የሚገኙት በዚሁ አገር፣ በጋይንት ነው። የበዓሉን ማኅሌት ያቆዩልን እንዲህ ያሉ ጉባኤያት ናቸው።

ስለዚህ ዕለቱ የሥራ ቀን ቢሆንም ማልደን እናስቀድስ፤ ለልጆቻችን ሙልሙሉን ከነትርጉሙ እንስጣቸው፤ የአብነት ተማሪዎችንም አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።