ጊዮዛ ቤት
ጊዮዛ ቤት፦ በጃፓን ጊዮዛ የሚሸጥበት፣ ብዙ ጊዜ በባንኮኒ ዙሪያ ጥቂት ወንበሮች ብቻ ያሉት ጠባብ ምግብ ቤት። ጊዮዛ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ ሲሆን፣ መነሻው የቻይናው ጂያኦዚ ነው። በጃፓን የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከማንቹሪያ በተመለሱ ጃፓናውያን አማካይነት ነው። አብሳዩ በጋለ መጥበሻ ላይ ይደረድረውና ውሃ ጨምሮ ይከድነዋል፤ እንፋሎቱ ላዩን ያበስላል፣ ውሃው ሲመጥ ታቹ ቀልቶ ኩርሽም የሚል ይሆናል። ሲቀርብም የተጠበሰው ጎን ወደ ላይ ይገለበጣል። ተመጋቢው አኩሪ አተር ሶስ፣ ኮምጣጤና በበርበሬ የተቀመመ ዘይት ራሱ ቀላቅሎ እያጠቀሰ ይበላል። መዘግየት አያዋጣም፤ ሲቀዘቅዝ ኩርሽምታው ይጠፋል፣ ደጅ የተሰለፈውም ወንበሩን ይጠብቃል። በጊዮዛ ከሚፎካከሩት ከተሞች መካከል ኡትሱኖሚያና ሃማማትሱ ይገኙበታል፤ የሃማማትሱው በክብ ተደርድሮ መሃሉ ላይ የተቀቀለ የማሾ በቆልት ይደረግበታል።