ጉርሻ፦ ስጦታ ነው ወይስ ደመወዝ?

ጉርሻ “ጎረሰ” ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። ቀዳሚ ፍቺው ጠቅልለው በእጃቸው የሚያጎርሱት እንጀራ ነው። ተከታዩ ደግሞ ለአስተናጋጅ ከሂሳቡ በላይ የሚተዉት ገንዘብ ሲሆን ከተሜው “ቲፕ” ይለዋል። ሁለቱንም ሰጪው ወዶ ይሰጣል እንጂ ማንም አያስገድደውም።

ይህን ፍቺ ይዞ አሜሪካ ምግብ ቤት የገባ መንገደኛ ግን ከአስተናጋጁ ጋር ይቀያየማል። የፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪው ለቲፕ ተቀባይ ሠራተኛ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ መጠኑም ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልተለወጠም። ቲፑ ተደምሮ የሰዓቱ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ 7.25 ዶላር፣ ካልሞላ ጉድለቱን ቀጣሪው ይሸፍናል። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ቲፕን ከደመወዝ መቁጠርን ከልክለዋል፤ ልማዱ ግን እዚያም ያው ነው። ተቀምጦ የተስተናገደ ሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይተዋል። እንግዲህ “ቲፕ” እዚያ በስሙ ስጦታ፣ በሥራው ደመወዝ ነው።

በፈረንሳይ የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ጥቂት ሳንቲም መተው ይበቃል። በጃፓን ቲፕ የተለመደ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ገንዘብ የተረሳ መስሎት አስተናጋጁ ተከትሎ ሊመልስ ይችላል።

ከ“ጉርሻ” የሚለይ ሌላ ቃል አለ፤ “ሰርቪስ ቻርጅ”። ይህ ቤቱ ራሱ ሂሳቡ ላይ የሚደምረው ክፍያ ነው። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ ሆኖ ይታያል፤ በአሜሪካም በርከት ብለው ለሚመገቡ እንግዶች ይጨመራል። ሁለቴ ላለመክፈል ደረሰኙን አንብቦ ኪስ መግባት ይሻላል።