የዲስኮ ቅዳሴውና ጠያቂ ያልነበረው ቄስ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦገስት 2025 ለንደን ያስቻለ አንድ ፍርድ ቤት የ68 ዓመቱን ክሪስ ብሬይንን በዘጠኝ ሴቶች ላይ በፈጸማቸው 17 የወሲብ ጥቃቶች ጥፋተኛ ነው አለ። በሌሎች 15 ክሶች ነፃ ተብሏል። ሰውየው የቀድሞ ቄስ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ግን ስሙ የሚነሣው በሌላ ነገር ነበር፤ ናይት ክለብ የሚጨፈርበትን ሃውስ ሙዚቃ ወስዶ ቅዳሴ ያደረገበት ሰው ተብሎ።

"ዲስኮ መቅደስ ከገባ መጨረሻው ይኸው ነው" ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። ታሪኩን ከሥሩ ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል። ሁሉም ስለ ከበሮው ሲከራከር ጥፋቱ ከከበሮው ጀርባ ይፈጸም ነበርና።

ቦታው በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው ሼፊልድ ናት። የብረት ከተማ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካዎቿ ተራ በተራ ሲዘጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ፈታ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ግን ርካሽ ሲንተሳይዘር ገዝተው የሚለማመዱ ወጣቶቿ ከተማዋን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መንደር አድርገዋት ነበር። ሂውማን ሊግና ካባሬ ቮልቴር ከዚያ ወጡ፤ በ1989 ደግሞ ዋርፕ ሬከርድስ እዚያው ተመሠረተ። የመዶሻ ድምፅ እየሰማ ላደገ ሰው የማሽን ምት ባዕድ አይሆንበትም።

ክሩክስ በሚባለው ሰፈር የቅዱስ ቶማስ ቤተክርስቲያን ነበረች። በ1985 አሜሪካዊው ሰባኪ ጆን ዊምበር ሼፊልድ ላይ ጉባኤ ካካሄደ በኋላ የደብሯ ወጣቶች ተነቃቁ። ከእነዚህ መካከል በብሬይን ዙሪያ የተሰባሰቡ፣ ገንዘባቸውንና ኑሯቸውን የሚጋሩ ልጆች ነበሩ። ብሬይን ራሱ ባንድ ውስጥ የተጫወተ ሙዚቀኛ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ሮበርት ዋረን ቤተክርስቲያን ደጃፍ ለማይረግጠው ወጣት አዲስ ጉባኤ እንዲጀምሩ ዕድሉን ሰጧቸው። በ1986 እሁድ ማታ በ9 ሰዓት ተጀመረ (በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 3 መሆኑ ነው)፤ ስሙም በዚያው "የዘጠኝ ሰዓት አገልግሎት" ሆኖ ቀረ።

ሙዚቃውን መሥራት እንደሚታሰበው ቀላል አልነበረም። ሃውስ በደቂቃ 120 እና ከዚያ በላይ ጊዜ በሚመታ፣ በማይቋረጥ ከበሮ ላይ የቆመ ነው። ዲጄው ስሜቱን ቀስ እያለ ያነሣል፣ ከበሮውን ድንገት ያጠፋል፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ መልሶ ይለቀዋል። ቅዳሴም የራሱ መውጣትና መውረድ አለው፦ ንስሐው፣ ንባቡ፣ ምስጋናው፣ ቁርባኑ። የሼፊልዶቹ ብልሃት ሁለቱን ማጋጠማቸው ነው። የጥንቱን የጸሎት ሥርዓት ሳይጥሉ ከሥሩ ምት ዘረጉለት። ኦርጋን በነበረበት ቦታ ሳምፕለር ገባ፤ ከሌላ ቅጂ ጥቂት ሰከንድ ድምፅ ቆርጦ እየደጋገመ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። አዳራሹ ጨለማ፣ ግድግዳው የፕሮጀክተር ምስል፣ አየሩ ጭስ። ጥቁር የለበሰ ወጣት ቆሞ እየጨፈረ ይጸልያል።

የክለብ ሙዚቃ ደግሞ እንደ እንጀራ ነው፣ ቶሎ ይሻግታል። መዝሙር መቶ ዓመት ይዘመራል፤ የዳንስ ምት ግን አምና ያበደለት ሰው ዘንድሮ ይስቅበታል። ስለዚህ ድምፁ፣ ምስሉ፣ መብራቱ ሁሌ መታደስ ነበረበት። ይህን የሚያደርገው ደመወዝተኛ ባለሙያ ብቻ አልነበረም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ኬብል የሚዘረጋ፣ ከገቢው ላይ ብዙውን የሚሰጥ ምእመን ነው። ድካም የመንፈሳዊነት መለኪያ በሆነበት ቡድን ውስጥ "ደከመኝ" ማለት እምነት እንደማጣት ይቆጠራል። ብሬይን ሰዎቹን የያዘበት እጅ አንዱ ይሄ ይመስላል።

ቁጥሩ አደገ፤ እስከ 600 ደረሰ። አብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ነው። ወንበሯ ባዶ እየቀረ ለተጨነቀችው የአንግሊካን ቤተክርስቲያን ይህ ከሰማይ የወረደ መና ነበር። ብሬይን ሌሎች ዓመታት የሚፈጅባቸውን መንገድ በአቋራጭ አልፎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክህነት ተቀበለ። ለሥርዓቱ የለበሰው ሮበርት ደ ኒሮ "ዘ ሚሽን" በተባለው ፊልም ላይ የለበሰውን ልብስ እንደነበር ኋላ ተጽፏል። ያን ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ደንገጥ ማለት ነበረበት።

በ1993 ጉባኤው ከደብሩ ወጥቶ ፖንድስ ፎርጅ የሚባል የስፖርት ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ ገባ። ክብ አዳራሽ ነው። እዚያ የሚቀርበው "የፕላኔት ቅዳሴ" ተባለ፤ የማቲው ፎክስን የሥነ ፍጥረት አስተምህሮ ከቴክኖ ጋር ያዋሃደ ነው። በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ተሻገረ። ክርክሩም ጦፈ። ከበሮው ዓለማዊ ነው፣ የዳንሰኞቹ አለባበስ ነውር ነው፣ ትምህርቱ የምድር አምልኮ ይመስላል ተባለ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ተቃዋሚውን ሁሉ ጊዜ ያለፈበት አደረጉት። አንዱም ወገን ግን ቄሱ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያገለግል አልጠየቀም።

ያገለገሉት ሴቶች ነበሩ። ቤቱን የሚያጸዱ፣ ምግብ የሚያበስሉ፣ ማታ የሚያስተኙት፣ እርሱን መንከባከብ አገልግሎት ነው የተባሉ ሴቶች። ቡድኑ ቄሱን ሊቆጣጠር የሚችል ገለልተኛ ሽማግሌ አልነበረውም፤ ሀገረ ስብከቱም ጉባኤውን የሚያየው ከሩቅ ነበር። በ1995 ሴቶቹ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። በኦገስት አገልግሎቱ ታገደ። በኖቬምበር ቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ ብሬይን ከበርካታ ሴቶች ጋር ያልተገባ ድርጊት መፈጸሙን አምኖ ክህነቱን ለቀቀ። ከዚያ ክስ እስኪመሠረትና ፍርድ እስኪሰጥ 30 ዓመት ሆነ። በ2025 የሼፊልድ ጳጳስ ቀደም ሲል የቀረቡ ስጋቶች በወጉ እንዳልተያዙ አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

አሁን ወደ ጎረቤት ከተማ ማንቸስተር መሻገር ይጠቅማል። በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንዲ ሃውቶርን የሚመራ የወንጌል ድርጅት ወርልድ ዋይድ ሜሴጅ ትራይብ የተባለ የዳንስ ባንድ አቋቁሞ በየትምህርት ቤቱ ያዞር ነበር። መሣሪያው ያው ነው፤ ሲንተሳይዘር፣ ሳምፕለር፣ የሃውስ ምት። በጥበብ ሚዛን የሼፊልዶቹ ይበልጣሉ ቢባል ሐሰት አይደለም፤ የማንቸስተሩ ቀለል ያለ፣ የሚያስፈነድቅ ሙዚቃ ነው። ነገር ግን ሥራው የሚሠራው ከአጥቢያ ቤተክርስቲያናት ጋር ተያይዞ ነበር። በ1997 ከዚሁ ሥራ "ኤደን" የተባለ ፕሮጀክት ተወለደ፤ ወጣት ክርስቲያኖች ዊተንሾ በሚባለው የከተማዋ ድሃ ሰፈር ቤት ይዘው ከነዋሪው ጋር መኖር ጀመሩ። ከዚያው ምት ሼፊልድ ላይ የተሰበረ ሕይወት ወጣ፣ ማንቸስተር ላይ ጎረቤት።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የፖርቱጋሉ ካቶሊክ ቄስ ጊሊየርሜ ፔሾቶ ዲጄነትን የጀመሩት የደብራቸውን ዕዳ ለመክፈል ገንዘብ ሲያሰባስቡ ነው። ቀድሞ በኮሶቮና በአፍጋኒስታን የጦር ሠራዊት ቄስ ሆነው አገልግለዋል። ቴክኖው ላይ የሊቃነ ጳጳሳትን ንግግር ቆርጠው ያስገባሉ። ኦገስት 6 ቀን 2023 ሊዝበን ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ያደረ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚገመት ወጣት በማለዳ የነቃው በእርሳቸው ሙዚቃ ነው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ ግማሹ ተደነቀ፣ ግማሹ አማተበ። እርሳቸው የተሰጣቸው ሰዓት ሲያልቅ ማዳመጫቸውን አውልቀው ከመድረኩ ወረዱ። ቅዳሴውን የመሩት ሌሎች ናቸው።