ሙሴ ዳዊት እና የአያቴ ጋን

አያቴ ልጆቿን ያሳደገችው ዳንግላ ከተማ ውስጥ ጠላ እየጠመቀች ነው። ጋኗን በወይራ ስታጥን፣ ጌሾውን ስትጠነስስ፣ እንኩሮውን ስታነኩር አጠገቧ ተቀምጬ አድጌያለሁ። በቅርቡ ለዘመድ ሠርግ እንጅባራ ሄጄ ግን ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የቢራ ሳጥን ነበር። ጠላው ጓሮ ተቀምጧል፤ የሚጠጡትም ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አጎቴ ጠርሙሱን እያገላበጡ «ለመሆኑ ይኼን ነገር ማነው ያመጣብን?» አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ።

ጥያቄው በሌላ አገር ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ የተባለችውን ከተማ በቢራ ስመ ጥር ያደረጓት እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በገፍ የፈለሱ ጀርመናውያን ናቸው። ፓብስት፣ ሽሊትዝ፣ ሚለር የተባሉት ጠማቂዎች መጀመሪያ ለገዛ ወገናቸው ጠመቁ፤ ከተማይቱ ስታድግም አብረው አደጉ።

ወደ እኛ ግን የጀርመን ጠማቂ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በመድፍ በኩል! አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ካሠሯቸው የውጭ አገር ባለሙያዎች አንዱ ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነበር። ሚስቱ ካታሪና የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ናት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ባልና ሚስት ከአገር ወጥተው ያፋ ሰፈሩ። ልጃቸው ዳዊት ግን ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ አዲስ አበባም «ሙሴ ዳዊት» ብላ ተቀበለችው።

በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ምሥረታ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የዚሁ ሰው ስም ነው። ጊዜውን ልብ ይሏል! አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920 አልኮልን በሕግ በመከልከሏ የሚልዋኪ ጀርመኖች ቢራቸውን ትተው ሌላ ሥራ ሲያፈላልጉ፣ አዲስ አበባ ገና መጥመቅ መጀመሯ ነበር። ፋብሪካው በኋላ በደርግ ዘመን ተወረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ለፈረንሳዩ ቢ.ጂ.አይ. ተሸጠ።

እንግዲህ ለአጎቴ ምን ልበላቸው? «ጀርመን ነው ያመጣው» ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። የሙሴ ዳዊት አያት ኢትዮጵያዊት ነበረች። የቢራው ገብስም ቢሆን እንደ አያቴ ገብስ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው ቢራ የሚሆነው። ልዩነቱ መራራው ላይ ነው፤ እነርሱ ሆፕ የተባለ የሐረግ አበባ ይጨምራሉ፣ እኛ ጌሾ።

የሚያሳዝነኝ የቢራው መምጣት አይደለም። የሚልዋኪ ጠማቂዎች ስም በየሕንፃውና በየጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የሙሴ ዳዊትም ስም ከፋብሪካው ጋር ይነሣል። በጠላ ልጅ ያስተማሩት፣ ቤት ያቆሙት የዳንግላና የእንጅባራ ሴቶች ስም ግን የት ተጻፈ? አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ጋኗ እናቴ ቤት አፉን ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ቀረብ ብሎ ላሸተተው ዛሬም ወይራ ወይራ ይላል።

ለአጎቴ ይህንኑ ስነግራቸው ጠርሙሱን አስቀመጡና «በል እንግዲያው ከጓሮው ቅዳልኝ» አሉኝ።